የባለቤት ስም

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017
ግፊት፦ ጠዋት 160/100፣ ማታ 155/95

ዶክተሯ የባልሽን የደም ግፊት በየቀኑ ለክተሽ ጻፊ ስላለችኝ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት። የልጄ የኢፍራህ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ ግማሹ ባዶ ነው። ለቁጥር ብቻ መስሎኝ ጀመርኩት፤ እጄ ግን አልቆም አለ። ለማንስ ልናገር? ሙመድ ከታመመ ዛሬ ድፍን አንድ ወሩ። ስትሮኩ ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ያዘው። የቀፊራን ገበያ በጩኸቱ የሚያስተዳድር ሰውዬ አሁን ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፤ “አን… አንቺ።” ውሃ ሲጠማው አንቺ። ሲያመው አንቺ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ስሜ ጠፋው።

ሌሊት እንዳይቸገር ብርጭቆና ማንኪያ አጠገቡ አድርጌለታለሁ። በግራ እጁ ማንኪያውን ብርጭቆው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ እነሳለሁ።

ዛሬ ሂሻም ደወለ፤ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ የሙመድ ጓደኛ። “ፋዱማ፣ አብሽሪ፣ መኪናሽ ጉምሩክ ጨርሳለች፤ ሰኞ አመጣልሻለሁ” አለኝ። የምን መኪና? አልኩት። “ሙመድ አልነገረሽም?” አለና፣ ወዲያው ሰው መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ግፊት፦ 165/100

መጣች። ሸራ ለብሳ በጭነት መኪና። ሸራው ሲገፈፍ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። የሮማን ቀለም፣ ዝቅ ያለች፣ መሬቱን የምትልስ ነገር። በኤሌክትሪክ የምትሄድ የሽቅድምድም መኪና ናት አሉ፤ በድሬ ቀርቶ በአገሩም እንዲህ ያለች ስንት እንዳለች እንጃ። ልጆቹ እየዞሩ ፎቶ አነሱ።

በሩን ከፍቼ አየሁ። ሁለት ወንበር። ከኋላ ምንም የለም፣ ግድግዳ ነው። አራት ልጅ ያለው ሰው፣ እናቱን ዘመድ ጋ ቢዮ አዋሌ የሚያመላልስ ሰው፣ ሁለት ወንበር!

የጎረቤቴ ባል አጥሩ ጋ ቆሞ ለሌላው ሲለው ሰማሁ፤ “ወሪያ፣ ይቺ ለቤተሰብ አይደለችም፤ ይቺ ለአዲሷ ናት።” ሳቁ። ያልሰማሁ መስዬ ሸራውን መልሼ አለበስኳት።

እንዲህ ያለ ነገር አላስብም። ሙመድ እንደሱ አይደለም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
160/95

የሙመድ ወንድም ዐብዲቃድር መጣ። በሽተኛውን ለመጠየቅ ነው እንዳልል በሽተኛው ጋ አምስት ደቂቃ አልተቀመጠም፤ ግቢው ውስጥ መኪናዋን ሲዞር ዋለ። “ገዢ አለኝ፣ ከአዲስ አበባ። ወንድሜ ከእንግዲህ አይነዳም። ሰሌዳ እንደወጣላት እንሸጣታለን፤ ለመታከሚያው።” እንሸጣታለን! ማን ከማን ጋር? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱ ተኝቷላ።

ሂሻምም ደወለ፤ ሰሌዳውን እኔ ልጨርስልሽ፣ የጉምሩክ ወረቀቷ ኮፒም እኔ ጋ ነው አለኝ። አይሆንም አልኩት። እሱና ዐብዲቃድር ጫት የሚቅሙት አንድ በርጫ ላይ ነው። እሱ እጅ የገባ ወረቀት ማታውን ዐብዲቃድር ጋ ያድራል። “ራሴ አስመዘግባለሁ።” “ፋዱማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…” ዘጋሁበት።

ደግሞ ሲያስቡት ሁሉም ነገር ይመጣል። በጥር መንጃ ፈቃድሽን አሳድሺ ብሎ ነዘነዘኝ፤ ለሱቃችን ዕቃ ማመላለሻ ሊገዛ ነው ብዬ አሳደስኩ። በመጋቢት መታወቂያዬን ለሱቁ ጉዳይ ብሎ ወስዶ ሳምንት አቆየው። ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ መውጣት ጀምሮም ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላልኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
155/95

ሰሌዳ ከሚሰጡበት ቢሮ የመጀመሪያ ቀኔ። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሜ አራት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ፎርም ሰጡኝ። የባለቤት ስም፦ ሙመድ ብዬ ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍኩ። ሲሲ፦ አላውቅም። ሲሊንደር፦ አላውቅም። የነዳጅ ዓይነት፦ መብራት።

መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት አየኝ። “ሲሲ የሌለው መኪና?”

“የለውማ፣ በመብራት ነው።”

“እሱማ የኤሌክትሪክ አውቃለሁ፤ የዚችን ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ አላገኘሁትም። ይጻፍላትና ትገባለች። የቴክኒክ ሰው ግን ይያት።”

ሰውየው ሐሙስ ቤት መጥቶ ያያታል አሉ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20
ትናንት አልመጣም። ዛሬ መጣ። ከፊት ከፈተ፤ ባዶ ሣጥን። ከኋላ ከፈተ፤ ባዶ ሣጥን። “ሞተሩን የት ደበቃችሁት?” አለ፤ እየቀለደ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። የሻንሲ ቁጥሩን ግን መስተዋቱ ሥር አገኘው። ሙመድ በመስኮቱ እያየ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ግፊት 145/90።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26
160/100

ፋይሉ ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ፤ “የባለቤት ስም ይስተካከል።”

“ምኑ ነው የሚስተካከለው?” አልኩት ልጁን።

“ከጉምሩክ በሲስተም ከመጣልን ጋር አይመሳሰልም። ስሙ ሌላ ነው።”

ገባኝ። ሙመድ! መታወቂያው ላይ ሙመድ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ መሐመድ። አባቱ በአንዱ ላይ ዐብዲ፣ በሌላው አብዲ። ድሬ ውስጥ ስሙ በሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆነለት ሰው ካለ ወላሂ ያሳዩኝ። በቃ፣ ከቀበሌ አንድ ሰው ነው የሚል ደብዳቤ አመጣለሁ።

ዐብዲቃድር ሁለት ጊዜ ደወለ። ሰሌዳው የት ደረሰ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3
150/90

ሦስት ምስክር ይዤ፣ አራት ቀን ተመላልሼ ደብዳቤው ወጣ። “ሙመድም መሐመድም የሚባለው አንድ ሰው መሆኑን እናረጋግጣለን።” እንደ ሎተሪ በሁለት እጄ ይዤ ቢሮው ሄድኩ። ልጁ አነበበው፣ ሲስተሙን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

“እናት፣ ይሄ አይደለም ችግሩ። ባለቤት ራሱ ይቅረብ።”

“ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው! ስትሮክ ነው!”

“አላህ ይማረው። ግን ባለቤት ሳይቀርብ አይሆንም፤ ካልሆነ ውክልና።”

ውክልናም ቢሆን መፈረም አለበት፤ በየትኛው እጁ? አልቅሼ ወጣሁ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ዘነበች ከውስጥ በመነጽሯ በላይ አየችኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ወሰድኩት። በባጃጅ። እኔ በአንድ ጎን፣ ኢፍራህ በሌላው ደግፈነው። ንጹሕ ሽርጥ አለበስኩት፣ ሽቶ ቀባሁት። የት እንደምንሄድ ስነግረው ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ። አዎ እኔም አለሁ አልኩት።

ቢሮው ደርሰን፤ “ሲስተም የለም።”

ወንበር አምጥተው አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ያየዋል። ያ ኩሩ ሰውዬ ምራቁ ይፈሳል። ጭኑ ላይ ያስቀመጥኩትን የመኪናዋን ወረቀት በግራ እጁ መታው፣ ቀጥሎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። “አን…ቺ።” ወረቀቱን መታ፣ እኔን ቀሰረ። ሦስት ጊዜ። አቦ አሁን ምን ላድርግህ፣ ሁሉንም እያደረግኩ አይደል? ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀሰ። ግፊቱን ስለካው 175/110።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሙቀት ሰው አስወጣሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ተሰልፌ። ሁለት የቢሮው ሠራተኞች ከፊቴ። አላዩኝም። እንዲህ አሉ፤

“ያቺ ሁለት ወንበሯስ?”

“ባለቤቷ ሴት ናት እኮ። መኪናዋ የገባችው በሴት ስም ነው። እነሱ ሽማግሌ በባጃጅ ያመጣሉ።”

ሳቁ።

ስሟን አልጠየቅኩም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ደግሞ ኮፒው አልደረሰም። ወጣሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15
አልለካሁም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16
አልለካሁም። ኢፍራህ ታብላው። እሷም ልጁ ናት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19
ኢፍራህ ማንኪያውን ፈለገች። “እማ፣ የአባዬ ማንኪያ የት ገባ? ሌሊት ሲፈልገን በምን ይጥራን?” አላየሁም አልኳት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ዛሬ ልጻፍ፣ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት። ያቺ አሮጌ ፔጆ ነበረችን፣ ታክሲ ይሠራባት የነበረችው። ዓርብ ዓርብ ቢዮ አዋሌ ዘመዶቹ ጋ እንሄዳለን። ጋቢና የምትቀመጠው እናቱ ናት። እናቱ ከሌለች ዐብዲቃድር። ዐብዲቃድር ከሌለ አክስቱ። እኔ ከኋላ ነኝ፤ አንድ ልጅ ጭኔ ላይ፣ አንድ ልጅ ክንዴ ላይ፣ እግሬ ሥር የማሽላ ኬሻ። ከሾፌሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ አላውቅም። አንድም ቀን! ፔጆዋ ተሸጠች፣ ሚኒባስ መጣ፤ ሚኒባሱም ጋቢናው የሌላ ሰው ነበር።

ለእሷ ግን ጋቢና ብቻ ያለውን መኪና ገዛላት። ኬሻ የለ፣ ልጅ የለ፣ አማት የለ።

ማናት? ወጣት ትሆናለች። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ናት? ወይስ ጅቡቲ ናት? ሂሻም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሁሌ “አንድ ነገር ልንገርሽ” የሚለው። አልሰማውም። የሰማሁት እንደሆነ እውነት ይሆናል።

ማታ ክፍሉ ገባሁ። ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። “ማናት?” አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠ። “አን…ቺ።” “አንቺ የምትላት ማናት እያልኩህ ነው!” “አንቺ! አን…ቺ!” ግራ እጁን ዘረጋልኝ። አልያዝኩትም። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ሲከሳ አያለሁ። ኢፍራህ ስታጎርሰው አይበላም። እኔ ሳጎርሰው ይበላ ነበር። አውቃለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። እኛ ጋ ጠብታ አልጣለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላይ፣ ከሐረር በኩል፣ ያ ድምፅ። የሰማ ሰው አይረሳውም። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ የጎረቤቶቼን ቤት ከነሰው የወሰደው እሱ ነው። ግቢያችን ከወንዙ በአንድ አጥር ነው የሚለየው።

በመጀመሪያ ሙመድን በፍራሹ አስወጣን፤ አራት የሰፈር ወንዶች ተሸክመው ላይኛው መንገድ አደረሱት። ከዚያ መኪናዋ። ሂሻም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ቆሟል። “ቻርጅ የላትም፣ ገፍተን እናውጣት! መሪውን ማን ይያዝ?” አሉ።

ሂሻም ጮኸ፤ “ባለቤቷ ትያዛት! ፋዱማ፣ ግቢ!”

ባለቤቱ ለማለት ነው፤ በጥድፊያ አፉን አዳልጦት ነው። ገባሁ። እየጠላኋት ገባሁ። ወንበሩ ዝቅ ብሎ ያዘኝ። ከኋላ አሥራ አምስት ሰው “ሆ!” እያለ ይገፋል፣ እኔ መሪውን ይዣለሁ፣ ውሃው ጎማውን ይልሳል። ዳገቱን ወጣን። ከመኪናዋ ቶሎ አልወረድኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጎርፉ አጥሩን ወስዶ፣ ሱቁን በጭቃ ሞልቶ ሄደ። ሰው አልሞተብንም፣ አልሐምዱሊላህ። ሙመድ ፍራሹ ላይ ሆኖ እኔን መሪ ይዤ ሲያየኝ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር አለችኝ ኢፍራህ። አሁን ሁላችንም እህቴ ሳሕራ ቤት ነን።

ዛሬ ለካሁት። 180/110። ማንኪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ኢፍራህ አየችኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2
170/105

ዐብዲቃድር ገዢውን ይዞ መጣ፤ በጫማችን ላይ ጭቃው ሳይደርቅ! “አየሽ፣ ልትወሰድ ነበር። ለማክሰኞ ሰሌዳውን አስጨርሺ፣ ካልሆነ ሂሻም ያስጨርስ። የወንድሜ ንብረት ነው፤ እኛ ነን የምናውቀው።” እኛ። እኔ ውስጡ የለሁበትም።

ሰኞ ሄጄ የሴትዮዋን ስም እጠይቃለሁ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ለዚያችው ሴትዮ እወረውርላታለሁ፣ ዐብዲቃድርም ከእሷ ጋር ይሟገት። ለሙመድ ደግሞ… አላውቅም። እያየሁት እንዲሞት አልፈልግም። ሳላየውም እንዲሞት አልፈልግም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ከሰልፉ አልፌ በቀጥታ ወይዘሮ ዘነበች ጋ ገባሁ። ሰው ጮኸብኝ፤ ይጩኽ።

“የሴትዮዋን ስም ንገሪኝ።”

“የየትኛዋን ሴትዮ?”

“መኪናው በስሟ የተመዘገበላትን። ልስማውና ይውጣልኝ።”

መነጽሯን አወለቀች። “ለማንም ተነስቶ ስም አይነገርም፣ እህቴ። አንቺ ማነሽ?”

“የሙመድ ባለቤት።”

“እሱንማ ሁለት ወር ሰማን። ስምሽን ነው የምልሽ። ያንቺን።”

ወላሂ፣ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። በዚህ ሁለት ወር እዚያ ቢሮ ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም።

“ፋዱማ” አልኩ። “ፋዱማ ዱዓሌ ዩሩብ።”

ወይዘሮ ዘነበች ፋይሉን ከፍታ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ ወደ እኔ አዞረችው። በእንግሊዝኛ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ተከተልኩ። ፋ። ዱ። ማ። አባቴ። አያቴ። የመታወቂያዬ ቁጥር።

“መድኃኔ ዓለም!” አለች። “ባለቤት ይቅረብ፣ ባለቤት ይቅረብ ስንል የት ነበርሽ?”

“አመጣሁት እኮ! በባጃጅ!”

“ያመጣሽው ያንቺን ባለቤት ነው፣ እናቴ። እኛ የጠየቅነው የመኪናዋን!”

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ወይዘሮ ዘነበች ውሃ አመጣችልኝ፣ አዲስ ፎርምም። የባለቤት ስም የሚለው ላይ ስደርስ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል ጻፍኩ።

ሂሻም በር ላይ ጠብቆኝ ነበር፤ የመስኮቱ ልጅ ደውሎለት ነው። “ሙመድ ሰሌዳው ሳይለጠፍ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኛል። እሱ ራሱ ሊነግርሽ። ከዚያ ታመመ። ልነግርሽ ስል ትዘጊብኛለሽ።” ምን ልበለው? ይቅርታ አልኩት። ከዐብዲቃድር ጋርም ለምን እንደሚቀመጥ ጠየቅኩት። “ድሬ ነው፣ ከማን ጋር ላልቀመጥ?” አለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6
170/100

ትናንት ማታ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ራሴ አጎረስኩት። ሁሉንም በላ።

ከዚያ ነገርኩት። ማንኪያውን የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኩት። ከዐሥር ሌሊት በላይ እየጠራኸኝ እንደሆነ እያወቅኩ ግድግዳ ወዲያ ተኛሁ አልኩት። ሌላ ሴት መስላኝ ነው አልኩት። በግራ እጁ አፌን ሊይዝ ሞከረ፤ አፍንጫዬን ያዘው።

“ለምን ሁለት ወንበር?” አልኩት።

ብዙ ታገለ። ላብ አጠመቀው። “ጋ…” አለ። “ጋ…ቢ…ና።”

ያ ረቢ። ትዝ አለኝ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት፣ ከቢዮ አዋሌ ስንመለስ፣ ኬሻው እግሬን ሲያደነዝዘኝ፤ “ሙመድ፣ ጋቢና ብቻ ያለው መኪና የለም ወይ? አለ ካሉህ ግዛልኝ!” ብዬ ነበር። እናቱ ፊት ነበር፤ ስለ እሱ ሦስት ቀን ተኳረፍን። እኔ ረሳሁት። ሰውየው ይዞት ኖሯል።

ዐብዲቃድር ከሰዓት መጣ። የመኪናዋን ባለቤት ስም አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። “ወንድሜ ጤነኛ አልነበረም ማለት ነው” አለ።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” አልኩት። “አጥሩን ጎርፍ ወስዶታል። ባለቤቷ ግን አለች።”

ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13
ግፊት፦ ጠዋት 150/90

ሰሌዳው ተለጠፈ። ብሎኑን ራሴ አጠበቅኩ፤ ትንሽ ጠመመ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሳሕራና ኢፍራህ ደግፈው አስገቡት። ቀበቶውን አሰርኩለት። መሪውን ይዤ ምንም ድምፅ የለም፤ ተነስታለች ወይ ብዬ ኢፍራህን ጠየቅኳት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ ብለን ዞርን። ባጃጆቹ ሁሉ ቀደሙን፤ የሽቅድምድም መኪና ናት እየተባለ አንድ ጋሪም ቀደመን። ልጆች እየሮጡ “የማን ናት? የማን ናት?” ይላሉ። ሙመድ በመስኮት ግራ እጁን ሊያወጣ ይታገላል፣ በእኔ በኩል ነው እጁ፣ አልሆነለትም። ጭኔን መታ መታ አደረገና ወደ እኔ ጠቆመ። “አን…ቺ!”

ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ዓይኑን ጨፈነ። የሄድነው ይህችኑ ያህል ነው።

ግፊት፦ ማታ 135/85። ነገ የሚሆነውን አላህ ያውቃል፤ ዶክተሯ ሁለተኛ እንዳይመታው ጠብቂው ብላኛለች፣ ማንኪያውም አጠገቡ ነው፣ እኔም አልተኛም። ግን ይህን ልጻፍ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጋቢና ጋቢና ብዬ፣ በስሜ መኪና ተገዝታ፣ ዛሬም ጋቢና የተቀመጠው እሱ ነው።